ቤዛን ዝም ያሰኘሁበት ግድግዳ

«እዚህ መሽናት ክልክል ነው!»

ዛሬ ሽሮ ሜዳ ታክሲ ሰልፍ ላይ የግድግዳውን ጽሑፍ ጮክ ብላ ያነበበችው ቤዛ ናት፤ በልዩ ፍላጎት ክፍል ማንበብ የማስተምራት ልጅ።

እዚህ ለመድረስ ስንት ዓመት ለፍተናል! ከክፍል ውጪ ስታነብ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው።

ችግሩ፣ ግድግዳው ሥር አንድ ሰውዬ ቆሞ እየሸና ነበር። (ማንበብ ሳይችል ቀርቶ አይመስለኝም።)

ሰልፈኛው ወደ እኛ ዞረ። እኔም «ቤዚ፣ ዝም በይ፣ ሰው እያየን ነው» አልኳት። ሰውዬውን ግን ምንም አላልኩትም።

ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ቲቸር፣ ተሳሳትኩ እንዴ?» አለችኝ። እጇን ይዤ ወደ መጣው ታክሲ አስገባኋት።

ታክሲ ውስጥ በመስኮት ታፔላዎቹን እያየች አንዱንም አላነበበችም።

እናንተስ ልትኮሩበት በሚገባችሁ ሰው አፍራችሁ ታውቃላችሁ? ንገሩኝ እስቲ። ነገ ጠዋት «ጮክ ብለሽ አንብቢ» የምላት እኔው ነኝ።