«ድንጋይ» የተጻፈባቸው ሁለት ፖስታዎች

ማርስ ላይ መኪና አለች። ሹፌር የላትም። ስድስት ጎማ አላት፣ ካሜራዋን አንገቷ ላይ ተሸክማለች፣ ዓይኗ የገባ ድንጋይ ካለ ቀስ ብላ ትጠጋና አቧራውን ጠርጋ ከላይም ከጎንም ፎቶ ታነሳዋለች። ያን ሁሉ ሰማይ አቋርጣ የሄደችው ድንጋይ ለማየት ነው። የእኛ የመሬት ባለሙያ ግን ከአርባ ምንጭ፣ ከሲቀላ ሰፈር፣ ወደ ደጋው ወጥቶ የአባቴን ድንጋይ ለማየት ሰባት ወር ፈጀበት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ ዓመታት አልፈው እንኳ አልበረደልኝም።

አርባ ምንጭ ውስጥ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ሚሊኒየሙ ከገባ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ ትልቋ ሮቨር፣ ያቺ ሹፌር የሌላት መኪና፣ ማርስ ላይ ባረፈችበት ክረምት፣ ሥራ ፈትቼ ኢንተርኔት ቤት ተጎልቼ ከረምኩ። አንዷ ፎቶ እስክትከፈት ሻይ ይጠጣል። ከላይ ወደ ታች በክር በክር ትወርዳለች፤ መጀመሪያ ሰማዩ፣ ቀጥሎ ጋራው፣ መጨረሻ ላይ ድንጋዩ። መስከረም ላይ ለተማሪዎቼ አሳያቸዋለሁ ብዬ ጥሩ ጥሩዎቹን በፍላሽ ቀዳሁ።

አባቴ ገበሬ ነው፤ ከከተማው በላይ ደጋው ላይ ገብስ፣ ድንችና እንሰት ይተክላል። የላይኛው ማሳው ገደል ሊባል ምንም አይቀረው። አፈሩን ይዞ ያቆመው አያቴ የጀመረው፣ አባቴ የጨረሰው የድንጋይ እርከን ነው። ሲሚንቶ የለው፣ ጭቃ የለው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ። አባቴ «እርከን» የሚለውን የግብርና ሰዎች ቃል አልለመደውም። ለእሱ ያ ሁሉ ሥራ «ድንጋይ» ነው። «ዛሬ ድንጋይ ላይ ዋልኩ» ካለ ሲጠግን ውሏል ማለት ነው። «እከሌ ድንጋይ የለውም» ካለ ደግሞ ሰነፍ ነው ማለቱ ነው። እኛም ልጆቹ እንደ እሱ ነው የምንለው።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እግሩ ተሰብሮ ያን ማሳ ሳያርሰው ከረመ። ጊዜው ኮብልስቶን በየከተማው የሚነጠፍበት ነበር። የጠራቢዎች ማኅበር ድንጋይ የሚያወጣበት ቦታ ሲጠይቅ «ያ ማሳ ባዶ ነው» የሚል ወሬ ተነሳ። ከመሬት ጽሕፈት ቤቱ መልእክት መጣ፤ ይዞታው እየለማ መሆኑን የሚያሳይ ፎቶ ይቅረብ፣ ካልቀረበ ለማኅበሩ ይሰጣል። አባቴ የፎቶውን ጉዳይ ለእኔ ሰጠኝ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ» አለኝ።

የትምህርት ቤቱን ካሜራ ተውሼ ወጣሁ። ጎረቤት በደቦ የዘራለት ገብስ በእርከኑ ላይ ለምልሞ ነበር። ከላይም ከጎንም አነሳሁት። ሲቀላ ወርጄ ፎቶ ቤት ስገባ ፍላሹ ላይ ሁለቱም ነበሩ፤ የአባቴም፣ የማርስም። ሁለቱንም በአንድ መጠን አሳጠብኩ። ፎቶ ቤቱ ሁለት ቡናማ ፖስታ ሰጠኝ። እኔ ዘመናዊቷ እዚያው ባንኮኒ ላይ ቆሜ በሁለቱም ላይ «ድንጋይ» ብዬ ጻፍኩ። የአባቴ እንግዲህ ድንጋይ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። የማርሱም ለተማሪዎቼ ላሳይ ያሰብኩት ድንጋዩን ነበር። ባጃጅ ላይ ሆኜ በጽሕፈት ቤቱ በኩል ሳልፍ የአባቴን ስም ጠርቼ አንዱን ፖስታ ወረወርኩላቸውና ወደ ክፍሌ ሮጥኩ።

ሰሌዳው ፊት ቆሜ «አሁን ሌላ ዓለም ታያላችሁ» ብዬ ፖስታውን ስከፍተው የአባቴ ገብስ ወጣ። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ያኔውኑ መሄድ ነበረብኝ። ዓርብ ነበር፣ ክፍለ ጊዜ ነበረኝ፣ ቀጥሎ ደግሞ መስቀል። መስቀል በእኛ አገር እንደ ሌላው አገር አንድ ቀን የሚከበር አይደለም፤ ሰዉ ሁሉ ወደ ደጋው ይወጣል፣ ቢሮ የሚባል ነገር ይረሳል። እኔም ወጣሁ። አባቴ ሥጋ እየቆረጠ «ፎቶው ደረሰ?» አለኝ። «ደርሷል» አልኩት። አልዋሸሁም፤ ፎቶ ደርሷል። የማን ፎቶ እንደሆነ አልጠየቀኝም። ከበዓሉ በኋላ ወርጄ ቀይሬ እገላገላለሁ ብዬ ዝም አልኩ።

ከበዓሉ በኋላ ስደርስ ማሳው ለማኅበሩ ይሰጥ የሚለው ደብዳቤ ተጽፎ አገኘሁት። «ቦታው ባዶና ድንጋያማ በመሆኑ...» ይላል። ባለሙያው ጎልማሳ ነው፤ ወረቀቱን ሲያገላብጥ ቀና ብሎ አያይም።

«መምህርት፣ ፎቶው እኮ እዚህ አለ። አንዲት ሣር እንኳ የለበትም።»

«ይሄ ማርስ ነው» አልኩት።

«የትኛው ጎጥ ነው?» አለና የጎጦቹን ዝርዝር ይገልጥ ጀመር።

አስረዳሁት። ሲገባው ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን «ማን ቀየረው?» አለኝ።

«ተቀያይሮ ነው» አልኩ።

አማርኛ ለዚህ ደግ ቋንቋ ነው። ተሰበረ፣ ጠፋ፣ ተቀያየረ ብለህ ትገላገላለህ፤ ማን እንደሰበረ፣ ማን እንዳጠፋ አፍህን ሳይነካው ያልፋል። ልጅ ሆነን ሰዋስው ያስተማሩን መምህር «ግስ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱን ፈልጉ» እያሉ ይገርፉን ነበር። ይህኛውን ግስ ያለ ባለቤት ሰደድኩት።

«ተቀያየረ ማለት እኛ ቀየርነው ነው የሚሉት?» አለኝ፣ ፊቱ ተለወጠ።

እዚህ ላይ ነው የሆንኩትን የሆንኩት። «እኔ ምን አውቃለሁ? ፋይሉ ያለው እናንተ ጋ ነው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ሰውየው እንደ ዓለት ጠነከረ። አዲሱን ፎቶ አልቀበል አለ፤ ለኮሚቴ ይቅረብ አለ፤ ባለይዞታው ራሳቸው ይምጡ አለ። አባቴ በዚያ እግሩ፣ ምርኩዙን ይዞ ወረደ። አማርኛው የገበያ አማርኛ ነው፤ ወንዱና ሴቱ ይደባለቅበታል፣ ግን አፉን ሞልቶ ነው የሚናገረው።

«አባባ፣ መሬትዎ ላይ ምን አለ?»

«ድንጋይ አለች።»

«ሌላስ?»

«ድንጋይ አለች አልኩህ። አባቴ ያቆማት አለች፣ እኔ ያቆምኳት አለች። ከላይ እስከ ታች ድንጋይ ናት።»

ደረቱን ነፍቶ ነው የተናገረው። ባለሙያውም ጻፈ፤ «ድንጋያማ መሆኑን ባለይዞታው በቃላቸው አረጋግጠዋል።» «እርከን ማለቱ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «እሳቸው ይናገሩ» አለኝ። ያን ጊዜ ቀረኝ የምለው ስድብ የለም። ዓይን አውጣ አልኩት፣ ሌባ አልኩት፣ ፋይል አገላባጭ አልኩት። አባቴ እጄን ይዞ ከቢሮው አወጣኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ምልልስ ነው። «መጥታችሁ በዓይናችሁ እዩት» እላለሁ፤ «መኪና የለም» ይሉኛል። መኪናዋ ወደ ቆላው፣ ወደ ላንቴ ስትሄድ ግን አያታለሁ፤ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ስትመለስም ሙዝ ጭና ነው። አንድ ቀን «ማርስ ላይ እንኳ መኪና አለ!» ብዬ ጮህኩባቸው፤ ጸሐፊዋ ሳይቀር ሳቀችብኝ። የሕዋ ሰዎቹ ከዚያች ፎቶ ላይ የጠጠሮቹን ክብነት አይተው «እዚህ ጥንት ውሃ ይፈስ ነበር» ማለታቸውን አንብቤያለሁ። ሰው የልቡን ዓይን ከከፈተ ከወረቀት ላይ የደረቀ ወንዝ ያያል። የእኛዎቹ ከዚያችው ፎቶ ላይ ያዩት ባዶ መሬት ነው። ከተራራው ግርጌ ተቀምጠው።

ጥር ላይ ማኅበሩ ገባ። ከታች ጀምረው ነው የፈቱት፤ ተጠርቦ የተደረደረ ድንጋይ ማን ይጠላል፣ ዓለት ከመፈንቀል ይቀላል። እያንዳንዱን በመዶሻ እየከፈሉ ጫኑት። በልጉ ሲጥል የላይኛው አፈር የሚይዘው አጥቶ ወረደ። ሚያዝያ ላይ ባለሙያው በሰው ሞተር ሳይክል ተፈናጦ መጣ። እርከኑ ጫፍ ላይ ቆሞ የተረፈውን አየ። በማግስቱ ደብዳቤው ተሰረዘ፣ የማርሷም ፎቶ ተመለሰችልኝ። ከዘጠኙ እርከን አምስቱ አልነበሩም።

ክረምት ላይ አባቴ እግሩን ለመታየት ወደ ከተማ ወርዶ እኔ ቤት አረፈ። የትምህርት መርጃዬን ጠረጴዛ ላይ በትኜ ነበር። ያችን ፎቶ አነሳና ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አያት።

«ይሄ የማን ነው?» አለኝ፣ በጋሞኛ።

«የማንም አይደለም። ባለቤት የለውም።»

«ውሃ በልቶታል» አለ። ጠጠሮቹን በጣቱ እየነካ «ታች ያለው ተሞርዷል፣ አየሽ? ላይ የተሰበረው ደግሞ ግድግዳ ነበር። ድንጋይ ጠባቂ ሲያጣ እንዲህ ነው።» ቀና አለና «ማን ነው ያፈረሰው?» አለኝ።

ስለ ማርስ ነው የጠየቀኝ፤ ያን አውቃለሁ። ስለ ማርስ መመለስም እችል ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«እዚያ ደርሰሻል እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ነገርኩት። ሁለቱን ፖስታ፣ የባጃጁን ችኮላ፣ ክፍል ውስጥ የወጣውን ገብስ፣ መስቀል ላይ «ደርሷል» ያልኩትን፣ ሁሉንም። ገና ከመጀመሪያው ቀን አውቄ እንደነበር ነገርኩት። የራሷ ሲያርባት የሰው ታማስላለች ይሉ የለ፣ እኔ የሰማይ ድንጋይ ሳማስል የቤቴን አሳረርኩት። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። ቢቆጣ ደስ ይለኝ ነበር።

አባቴ ፎቶዋን ጠረጴዛው ላይ በግንባሯ ደፋት።

«ያን ሰው ሌባ ስትዪው፣ እጅሽን ይዤ ሳወጣሽ፣ ያን ጊዜ ይሄን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ምርኩዙን አነሳና ነጠላ ጫማውን በእግሩ ይፈልግ ጀመር። «ተነሺ» አለኝ። «ቢሮው ሳይዘጋ እንድረስ።»