ዩኒቨርሲቲ ባለፍኩ ማግስት የመጡ እንግዶች

ባለፈው ቅዳሜ በማለዳ፣ ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ የበሩ ደወል ጮኸ...

አመሩድ የሚባል ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ብቻዬን ነው የምኖረው። ኦስሎ ውስጥ ደግሞ ሳይደውል የሚመጣ ሰው የለም፣ ሐበሻውም አመሉ ተቀይሯል። በበሩ ቀዳዳ ሳይ አክስቴ ናት። ከኋላዋ ጋሽ ተፈራ፣ የማኅበራችን ሽማግሌ። ከእሳቸው ኋላ ኮሪደሩ ሙሉ ሰው።

ሳቄ መጣ። ምክንያቱም አርብ ዕለት የዩኒቨርሲቲው መልስ መጥቶልኝ ነበር። ኢንፎርማቲክ ገብቻለሁ።

እኔ የጨረስኩት ፋግስኩሌ የሚሉትን የሁለት ዓመት የሙያ ኮሌጅ ነው። ከዚያ ተነስቶ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ መግባት በመርፌ ቀዳዳ መሹለክ ማለት ነው። ሒሳብ ይጎድልሻል ስለተባልኩ፣ ቀን ብሪን የሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ካርቶን እየጫንኩ፣ በግሌ አጥንቼ በግንቦት ማለቂያ ተፈተንኩ። እሷን ፈተና ብወድቅ አለቀልኝ፣ ተመልሼ መጋዘን ነኝ። አባዬ ከአዲስ አበባ በደወለ ቁጥር ከጤናዬ በፊት የሚጠይቀኝ እሷን ነበር።

መልሱ እንደመጣ ለአክስቴ ደወልኩላት። እልልታ ስጠብቅ፣ «አሁን ፈተና የሚባል ቀረሽ?» አለችኝ። የለም አልኳት። እሺ ብላ ስልኩን ዘጋችው። ደክሟት ነው ብዬ ተውኩት። አባዬ ጋ ስደውል ደግሞ እንደሰሞኑ ወንድሜ አነሳ። አባዬ ጠበል ሄዷል፣ ስልክ አይገባም... ያው የለመድኩት መልስ ነው።

እና በሩን ስከፍት ደስታዬን ሊካፈሉ የመጡ መሰለኝ። በዚህ ማለዳ እንኳን ደስ አለሽ ይባላል እንዴ ብዬ ቀለድኩባቸው። የሳቀ የለም። እኔ እቴ ምን ገዶኝ፣ በፒጃማዬ ወንበር እጎትታለሁ፣ ብርጭቆ እደረድራለሁ፣ ኬክ ከፍሪጅ አወጣለሁ...

ማንም አልተቀመጠም። ጋሽ ተፈራ «ልጄ፣ ብርጭቆውን አስቀምጪውና ቁጭ በይ» አሉኝ።

ያኔ ነው አክስቴን በደንብ ያየኋት። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ነው የለበሰችው። ማለዳ፣ ሽማግሌ፣ የተዘቀዘቀ ነጠላ... ሰው አገር ብዙ ነገር ቢረሳም የመርዶ ወግ አይረሳም።

«አባትሽ አርፈዋል» አሉኝ ጋሽ ተፈራ።

ከዚያ በኋላ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ደንግጦ መጥቶ ነበር አሉ። ትንሽ ስረጋጋ መቼ ብዬ ጠየቅኩ። አክስቴ ናት፣ ከፈተናው በፊት ነው ያለችኝ። ተቀብሯል። አርባውም ወጥቷል።

መጀመሪያ ፈተናውን ትጨርስ ተባለ፣ ከዚያ ደግሞ መልሱ ይምጣላት ተባለ። ሁሉም ያውቅ ነበር። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጥናቱ እንዴት ነው እያለ የሚያቅፈኝ፣ ወጥ ሠርቶ ቤቴ ድረስ የሚያመጣልኝ... እኔ ደግሞ ጎበዝ ስለሆንኩ ወደዱኝ ብዬ! ለካ ለቅሶዬን ያለ እኔ ጀምረውልኛል።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ከአባዬ ስልክ «በርቺ ልጄ» የሚል መልእክት ደርሶኝ ነበር። እሱን አንብቤ ነው ልቤ ሞልቶ አዳራሹ የገባሁት።

«እሱን ማን ጻፈው?» አልኳት።

«ወንድምሽ» አለች አክስቴ። «ጻፍላት ያልኩት እኔ ነኝ።»

እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ግን ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ አልፈተንም ነበር፣ ይሄንንም አውቃለሁ... የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ልቆጣቸው አፌን ስከፍት ያገኘሁት ትምህርት መልሶ ይዘጋዋል።

በሦስተኛው ቀን፣ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ፣ አክስቴ ጆሮዬ ሥር ጠጋ አለችና የዩኒቨርሲቲውን ቦታ ካልተቀበልሽ ቀኑ ያልፍብሻል አለችኝ። እዚያው ፍራሹ ላይ ስልኬን አወጣሁና እቀበላለሁ የሚለውን ተጫንኩ።

ይኸው ዩኒቨርሲቲ ገባሁ... የሰማ ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይለኛል።