ከግንቡ በስተሰሜን

ግሌኒስ ማክራይ ከኒውዚላንድ ደቡብ ጫፍ፣ ጎር ከምትባል ከተማ ተነሥታ ወደ አውሮፓ ስትሄድ ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። አባቷ አሌክ ዕድሜውን ከበግ ጋር የኖረ፣ ደግ ቃል የሚተናነቀው ሰው ነው። ሊሸኛት መጥቶ ከመኪናው እንኳ ሳይወርድ፣ «በጎቹ ሳይሸለቱ ትመለሻለሽ» አላት። በቃ፣ ምርቃቱ ይኼው!

ልጅቱ ደግሞ እልኸኛ ናት። ለንደን ላይ አውቶቡስ ተሳፈረች። ተሳፋሪው ሁሉ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ወጣት ነው፤ በየከተማው ዳር ድንኳን እየተከለ፣ በየተራ እያበሰለ የሚጓዝ። ሹፌሩ ሬክስ ከተሳፋሪው አንዱን መርጦ ለከርሞ የካምፕ አለቃ አድርጎ ይቀጥር ነበር። ግሌኒስ ይህን ስትሰማ ልቧ ቆመ። ሥራውን ካገኘች አባቷ የሽለታውን ወቅት ብቻውን ይወጣዋል!

ፓሪስ ላይ ድንኳን ስትተክል ያያት ሬክስ፣ «በይ አንቺ ልጅ፣ አለቃ ሁኚና ልይሽ። ካሳፈርሽኝ ግን ድስት አጣቢ ነሽ» አላት።

ቪየና ሲደርሱ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት ሰማዩ ሲገለጥ ግሌኒስ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ነቅላችሁ ከካምፑ ግንብ በስተሰሜን ትከሉ! ማታ ስንመለስ ደርቆ ይጠብቀናል» ብላ አዘዘች። ማን ይቃወማል? በእነሱ አገር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምትዞረው፤ የቤቱ መስኮትም የልብሱ ገመድም ወደዚያው ነው። እዚህ በደቡብ በኩል እንደምትሄድ ከዚያ ሁሉ ተሳፋሪ አንድም ልብ ያለ የለም። እየዘፈኑ ከተማ ገቡ።

ማታ ሲመለሱ ድንኳኑ ውኃውን እንደቋጠረ ነው። ከግንቡ ወዲያ ማዶ ግን የጎረቤቶቹ ልብስ ደርቆ ይወዛወዛል።

«እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ!» አለ ጋቪን የሚሉት የሲድኒ ልጅ። «የጥላ ንግሥት!»

ሬክስ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ፀሐይሽን አገርሽ ረስተሻት መጣሽ እኮ!»

«አውቀህ ነው ዝም ያልከው?»

«እኔም በመጀመሪያው ዓመት እንዲሁ ነው ያደረግኩት። ማንም አልነገረኝም።»

ግሌኒስ ፊቷ ቀላ፣ እንባዋም መጣ፣ ግን አልፈሰሰም። ከዚያ እርጥቡን ጭነው ቬኒስ ገቡ። ሁሉም ጀልባ ሊሳፈር ሲሮጥ እሷ ቀረች። ቬኒስን ለማየት ከልጅነቷ ጀምሮ ስትመኝ የኖረች ልጅ! «ተነሺ እንጂ» ብትባል፣ ወይ ፍንክች! «ያረጠብኩትን እኔው አደርቀዋለሁ» አለች። ድንኳኑን ሁሉ ብቻዋን ዘረጋች፣ አጥሩ ላይ በደቡብ በኩል ሰቀለች፣ ፀሐይዋ ስትዞር አብራ አዞረች። ሲመለሱ ሁሉም ተተክሎ፣ ትኩስ ዳቦ ይመስል ሞቆ ጠበቃቸው።

ጋቪን ድስቱን አንሥቶ፣ «እመቤቴ፣ ዛሬ እኔ ነኝ የማጥበው» አለ። ሬክስ ግን፣ «ለከርሞ እጠብቅሻለሁ» ብቻ አላት።

ከዚያ በኋላ ሰባት በጋ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይዛ አውሮፓን ዞረች። ቬኒስንም እስክትሰለቻት አየቻት።

በመጨረሻ ለገና ወደ ጎር ተመለሰች። ቤቱ በዘመድ ስለሞላ ግቢው ውስጥ፣ ከበጎቹ መሸለቻ ግንብ ሥር ድንኳኗን ተከለች። ጠዋት አባቷ ሻይ ይዞላት ወጣና ቆሞ ቀረ።

«አንቺ ልጅ፣ ፀሐይዋ ወዲያ፣ አንቺ ወዲህ! በስተደቡብ ተክለሽ ጥላ ውስጥ ነው እኮ ያለሽው!»

ግሌኒስ ራሷን ይዛ፣ «ውይ! እጄ ለምዶ ነው አባዬ» ብላ በሳቅ ፈረሰች።

አሌክ አልሳቀም። ወደ አጥሩ ሄዶ ጎረቤቱን ተጣራ። «ሄክተር! ና እይልኝ! ጎረቤትህን መሬይንም ጥራልኝ! ልጄ ድንኳኗን እንደ አውሮፓ ሰው ነው የተከለችው! ሰባት ዓመት ስትመራ የኖረች ልጅ እኮ ናት!» ጉድ በል ጎር! ያ አፈ ብረት ሰውዬ ነው እንግዲህ።

ግሌኒስ ካስማውን ልትነቅል ስታጎነብስ እጇን ያዛት።

«ተይው፤ አትንኪው። መሬይ ገና አላየውም።»