ለተሻገር የቆየው መጽሐፍ

ያን ዕለት ሰማዩ ከጧት ጀምሮ ፊቱን አጥቁሮ ነበር። ኅዳር ገብቶ፣ ገብሱ ደርሶ ማጭድ ሲጠብቅ፣ ከዓባይ በረሃ በኩል የተነሣ ደመና ስማዳን ደፍኖ ዋለ። ነጎድጓዱ ሩቅ ነው። ግን በረዶ የደረሰ ገብስ ላይ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ሩቅ ነው ብሎ አይጽናናም።

ዕፀገነት ማሳው ዳር ቆማ ታያለች። አባቷ ሲሞት ከስድስተኛ ክፍል ወጥታ ቤቱን የያዘች እሷ ናት። አግብታ ነበር፣ አልሆነላትም፣ ተመልሳ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ጎረቤት በወንፈል ያግዛል፤ ወንፈል ግን ብድር ነው፣ ዛሬ ያጨደልህን ነገ ታጭድለታለህ፣ ለዚያ ደግሞ የወንድ ጉልበት ያስፈልጋል። ቤቱ ያለው ወንድ ታናሽ ወንድሟ ተሻገር ብቻ ነው። እሱም እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወዲያ ካለች ደብር፣ የሐዲስ ኪዳን ትርጓሜ ይማራል።

ትርጓሜ ቤት እንደ አስኳላ አይደለም። ተማሪ ንባቡን ያነባል፣ መምህሩ «እንዲህ ማለት ነው» ይላሉ፣ ቀጥለው «አንድም እንዲህ ማለት ነው» ይላሉ፤ ተማሪው ሁሉንም በቃሉ ይይዛል። ያመለጠው ሰው ጉባኤው ዞሮ እስኪመለስ ዓመታት ይጠብቃል። የተሻገር መምህር የኔታ ወልደ ጊዮርጊስ ደግሞ አርጅተው ነበር። ሌላ ዙር እንደማይዞሩ እሳቸውም ተማሪውም ያውቃሉ።

እናቷ በዚያ ሰሞን ጉንፋን ይዟት ሁለት ቀን ተኝታለች። ዕፀገነት ደመናውን እያየች ለደብሩ ዘበኛ ደወለች።

«ለተሻገር ይንገሩልኝ። እናቱ አልጋ ይዛለች። ሳያያት እንዳይቀር።»

ወደ ማታ ነፋስ መጥቶ ደመናውን ጠርጎ ወሰደው። አንዲት ጠብታ አልወረደም። ወሬው ግን ሄዷል።

ተሻገር በሦስተኛው ቀን ሲደርስ እናቱን ጓሮ ቆማ ጎመን ስትቀነጥስ አገኛት።

«ተሻለሽ እንዴ?»

«መምጣትህን ስሰማ ተነሣሁ፣ ልጄ።»

ሳቀና ጉልበቷን ሳመ። ከዚያ ለእህቱ ነገራት። ከአሥራ አራቱ የጳውሎስ መልእክታት አሥራ ሦስቱን ጨርሰዋል፤ የቀረው የዕብራውያን ነው። የኔታ ሲያሰናብቱት «የእናት ነገር ነው፣ ሂድ፤ ዕብራውያንን አቆይልሃለሁ» ብለውታል። ሲፈልጉትም ያስደውላሉ።

«አንድ ሳምንት ነው እንግዲህ፣ እታለም።»

«አንድ ሳምንት» አለች።

አጨዳው ተጀመረ። ክንዱ የሚባለው ጎረቤታቸው ከጎኑ ሆኖ ያሾፍበታል።

«መሪጌታ፣ አንድም እጨድ ማለት ነው፣ አንድም እሰር ማለት ነው። ሦስተኛ ትርጓሜ የለውም።»

«አለው እንጂ» ይላል ተሻገር ቀና ሳይል። «አንድም፣ ክንዱ ሆይ አፍህን ዝጋና እጅህን አንቀሳቅስ ማለት ነው።»

በዘጠነኛው ቀን ስልኩ ጠራ። ስልኩ የዕፀገነት ነው።

«የኔታ ናቸው ያስደወሉኝ» አለ ዘበኛው። «እናቱ እንዴት ሆነች? ጉባኤውን አቁመው እየጠበቁት ነው።»

ነዶው ገና ማሳው ላይ ተበትኗል።

«አልተነሣችም፣ ጥቂት ይታገሡ» አለች።

ለተሻገር አልነገረችውም። ከሳምንት በኋላ እንደገና ደወለ። ያን ጊዜ እናቷ አጠገቧ ምስር ትለቅማለች።

«ገና ናት በሉልኝ።»

እናቷ ከሰፌዱ ላይ ዓይኗን አላነሣችም። «በይ ዝጊው። እህሉ ይግባ» አለች።

ተሻገር በየቀኑ «ልሂድ» ይላል። እሷ ክምሩ ይቆም ትላለች፣ ክምሩ ሲቆም ውቂያው ይለቅ ትላለች። ካልደወሉ አልቸኮሉም ማለት ነው ብሎ ራሱን አጽናና። ገብሱ ጎተራ ገባ፣ ተሻገርም ሄደ። ሲደርስ የኔታ ከተቀበሩ አራት ቀን ሆኗቸዋል።

ጓደኞቹ ሌላ መምህር ፈልገው ዕብራውያንን ጨረሱ። እሱ እንቢ አለ። ወደ ስማዳ ተመልሶ ሞፈር ጨበጠ። የአጥቢያው ካህናት ጉባኤ ዘርግተህ አስተምርልን ብለው ስንት ጊዜ ለመኑት። መልሱ አንድ ነው፦ «መምህሩን አስጠብቆ እህል ሲወቃ የከረመ ሰው ወንበር አይገባውም።»

ይህን ሲል ዕፀገነት ብዙ ጊዜ እዚያው ነበረች። ጠላ እየቀዳች፣ እንጨት እየማገደች ሰምታዋለች። አንዴ ለነፍስ አባቷ «ዋሽቻለሁ» ብላ ተናዘዘች። ማንን ብለው አልጠየቋትም፤ አርባ ስግደት አዘዟት። ሰገደች። የቀለለላት ነገር የለም።

አሥር ዓመት እንዲህ ሄደ። እናቷም ሞተች።

ባለፈው ዓመት ወገዳ ገበያ ውስጥ አንድ ባለ ነጭ ጥምጥም ሰው በስሟ ጠራት። ወልደማርያም ነው፤ ከተሻገር ጋር የተማረ፣ አሁን ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ አለፍ ብሎ ወንበር ዘርግቶ የሚያስተምር። ሰላምታው ሲያልቅ የኔታን አነሣ።

«በየማለዳው እንቀመጣለን። ዕብራውያንን ይገልጡታል፣ ያዩታል፣ ይዘጉታል። እኛ ይቀጥሉልን ብለን እንለምናለን። 'የእናት ነገር ነው፣ ይቆይ' ይላሉ። እሱ ሳይመጣ ሲሞቱም ያልነው እሱኑ ነው፣ የእናት ነገር ነው። ተሻገርን አልወቅሰውም፣ እቴ። እንዲህ በይልኝ እስቲ።»

የገዛችውን ጨው እዚያው ሻጩ ዘንድ ረስታ ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ ተሻገር ደጅ ተቀምጦ ቀንበር ይጠርባል። ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«የኔታ አስደውለው ነበር» አለችው።

መጥረቢያው ቆመ።

«እህሉን ስትሰበስብ። መቼ ይመጣል ብለው። እኔ ገና አልተነሣችም አልኋቸው። መጀመሪያም ጉንፋን ነበር።»

«ስንቴ ደወሉ?»

«ሁለቴ።»

ተሻገር መጥረቢያውን መሬት ላይ አኖረ። «እኔ የረሱኝ መስሎኝ ነበር» አለ። «አንድ ጊዜ ቢያስደውሉ ኖሮ በሌሊትም እነሣ ነበር እያልሁ፣ አሥር ዓመት።» ቀጥሎ ቀና አለ። «እማዬ ታውቅ ነበር?»

ሰፌዱን አሰበችው፣ ምስሩን።

«አታውቅም» አለች።

ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

«ይቅር በለኝ፣ ተሻገር።»

«ይፍታሽ የሚለው ቄስ ነው። እኔ ገበሬ ነኝ» አለና ጥርቡን ቀጠለ።

አሥራ አንድ ቀን እቤት እህል አልቀመሰም፤ ክንዱ ቤት በላ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዳዊቱንና ጋቢውን ይዞ ወጣ። የት ነው ስትለው «ወልደማርያም ዘንድ» አለ። እሱ ትምህርቱን እያስደገመ ሲያስቀጽለው ከነበረው ታናሽ ጓደኛው እግር ሥር፣ በአርባ ዓመቱ፣ ከልጆች ጋር ሊቀመጥ።

ዛሬ ተሻገር ታች ጋይንት ነው፤ ዕብራውያንን ከግማሽ አድርሷል ይላሉ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች። ቆሎ በሰው ትልክለታለች፤ ይቀበላል፣ መልስ ግን አይልክም። ስለ እናታቸው ያለችውን እስካሁን አላስተካከለችም። መሬቱን ክንዱ ምርቱን እኩል ሊካፈል ያርሰዋል። ዕፀገነት ስማዳ፣ አባቷ ቤት ናት፤ ብቻዋን ትኖራለች።