ያልታጠፈው ጉልበት

ልጅ እያለሁ፣ በሰው አገር ዋይት ሲቲ በሚባል ሰፈር ከምንኖርበት ፎቅ ሥር አንዲት የጡብ አጥር ነበረች። ዛሬ ሳያት ትከሻዬ ጋ እንኳ አትደርስም፤ ያኔ ግን ተራራ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ዩኒፎርማችንን ሳንቀይር እንወጣባታለን። ዝናብ የጠጣው ጡብ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

አንድ ቀን እግሬን እንደ እንጨት ገትሬ ዘለልኩ። ሕመሙ ከተረከዜ ተነስቶ ጥርሴ ድረስ ነዘረኝ። አባዬ ከሥራ ሲገባ ሳለቅስ አገኘኝ። ይቆጣል ስል ቦርሳውን መሬት አስቀምጦ፣ "ነይ እስቲ ላሳይሽ" አለኝ። መጀመሪያ የእግር ጣት፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ ዳሌ፤ ተራ በተራ እጥፍ እያሉ ሸክሙን ይካፈሉታል። "አንዱ ብቻውን ከተሸከመው አለቀለት። ጉልበትሽን አጠፍ አድርጊ፣ የኔ እናት!" እስኪመሽ ድረስ አዘለለኝ። እሱ ግን የሚያሳየኝ በእጁ ብቻ ነበር፤ አንድም ቀን አልዘለለም። ቀኝ እግሩን ይጎትታል፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

እንዲያውም አፍርበት ነበር። ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ አሮጊቶቹ ሳይቀሩ ወድቀው እየተነሱ ሲሰግዱ፣ አባዬ ጥግ ላይ ወንበር ይዞ ይቀመጣል። እኔ ከጓደኞቼ መሀል ሆኜ እንዳላየ አልፈዋለሁ። ሰነፍ ይመስለኝ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ!

ከጥቂት ወራት በፊት የሰፈራችን ሐኪም፣ ጂፒው፣ ሪፈር አድርጎት ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ። አስተርጓሚው እኔው ነኝ። ሐኪሟ ራጁን አይታ፣ ጉዳቱ የቆየ ነው፣ ምን ሆኖ ነው አለች። አባዬ፣ "ድንበር ስናቋርጥ ከጭነት መኪና ላይ ዘልዬ ነው በያት፤ ውረዱ ሲሉን መኪናው አልቆመም ነበር" አለኝ። ሐኪሟ ቀጠለች፤ መሬት ሲደርስ ጉልበቱን አላጠፈም ወይ? እንዴት አያጥፍም፣ እኔን ያስተማረ ሰው! ጥያቄውን ግን ተረጎምኩለት።

"አንቺ በነጠላ ደረቴ ላይ ታስረሽ ነበር" አለኝ ወለሉን እያየ። "ባጥፈው በፊቴ ተደፍቼ እጫንሽ ነበር።"

ይሄን መተርጎም አቃተኝ። አለቀስኩ። ሐኪሟ ሶፍት አቀበለችኝ።

ዘንድሮ ስቅለት ከጓደኞቼ ጋር አልቆምኩም፤ ከወንበሩ አጠገብ ሆኜ ሰገድኩ። ያኔ ከዚያች አጥር ሃያ ጊዜ ዘልዬ ለእራት የምሮጠው እኔ፣ አሁን ገና አሥር ስግደት ሳልጨርስ ጉልበቴ ይንቋቋ ጀመር። አባዬ ከወንበሩ ጎንበስ ብሎ፣ "ቀስ በይ፣ አጠፍ እያደረግሽ" አለኝ በሹክሹክታ።

"እሺ አባዬ" አልኩት። የራሴን ስግደት ስጨርስ የሱን ጀመርኩለት።