ዊልፍ ስቶባርት ገመዱን የለቀቁ ዕለት

ዊልፍ ስቶባርትን የማውቃቸው ከጀርባቸው ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ልጄ ኤልሲ ከተወለደች ጀምሮ ቅዳሴ የምሰማው ከመጨረሻው ወንበር ኋላ፣ ከደወሉ ማማ ሥር ቆሜ ነው፤ ስታለቅስ ሹልክ ብዬ እንድወጣ። እዚያ ደግሞ ዊልፍ አሉ። ገመዱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን መሠዊያው ላይ ተክለው ይጠብቃሉ። አባ ኮሊን ኅብስቱን ከፍ ሲያደርጉ ሦስት ጊዜ፣ ጽዋውን ከፍ ሲያደርጉ ሦስት ጊዜ ይደውላሉ። ድሮ የድንጋይ ከሰሉ ጉድጓድ አፍ ላይ የቆሙ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ቆባቸውን ያወልቁ ነበር አሉ። ጉድጓዱ የተዘጋው እኔ ሳልወለድ ነው። አሁን የሚሰሙት አልጋ የያዙ አሮጊቶችና የባሕር ወፎች ናቸው። ዊልፍ ግን አንድም እሑድ ቀርተው አያውቁም።

ኤልሲ እንደ ነፍሷ ነው የምትወዳቸው። ገመዱ ላይ ያለውን ቀይና ሰማያዊ የሱፍ መያዣ ስትደባብስ ያገኟትና፣

"ተይ አንቺ፣ ይሄ ነገር ይዞሽ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ እናትሽ ከርግቦቹ መሀል ስትፈልግሽ ትውላለች" ይሏታል።

ይህ የእኛ ቅዱስ ኦስዋልድ የቆየውን የማይለቅ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጳጳስነት ከሐዋርያት ጀምሮ ከወንድ ወደ ወንድ ሲተላለፍ የመጣ አባትነት ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች ይበዙበታል። ከክፋት አይደለም። እንደዚያ ተምረው፣ እንደዚያ ጸልየው፣ ወላጆቻቸውንም እንደዚያ ቀብረው ነው። ባለፈው ዓመት ታዲያ ለሀገረ ስብከታችን ሴት ጳጳስ ተሾሙ። ይህን ለማይቀበል ቤተ ክርስቲያንም ሕጉ መንገድ አበጅቶለታል። ሰበካ ጉባኤው ድምፅ ሰጥቶ ከጠየቀ፣ እንደ እኛ የሚያምን ሌላ ጳጳስ እየመጣ አገልግሎቱን ይሰጣል፤ ቤተ ክርስቲያኑም ከሀገረ ስብከቱ አይወጣም። ሲያነቡት ቀላል ነው። እኛ አዳራሽ ግን ሻይ ሁለት ቦታ መፍላት ጀመረ።

ባንዱ ማንቆርቆሪያ ዙሪያ አባ ኮሊንና ሌላ ጳጳስ እንጠይቅ የሚሉት ይሰበሰባሉ። በሌላው ዙሪያ የምዕመናን ተጠሪዋ ማቪስ ራተር ከነወገናቸው። ማቪስ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ድምፃቸው ያለ ድምፅ ማጉያ መንገድ ይሻገራል።

"አባ፣ ሴትየዋ ገና እግሯን ሳታስገባ በር ልንዘጋባት ነው?"

"በር አልዘጋሁም ማቪስ። ሕሊናዬ ያልተቀበለውን እሺ ማለት አልችልም ነው ያልኩት።"

"ሕሊናዎ ሻይም አይጠጣ እንደሆን ይንገሩኛ፣ የሻይ ዳቦ በከንቱ እንዳልጋግር!"

በመከር ወቅት ድምፅ ተሰጠ። ሌላ ጳጳስ ይጠየቅ የሚለው በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ። መጨረሻ ላይ፣ እንደ ከባድ ዕቃ ቀስ ብላ የተነሳችው እጅ የዊልፍ ነበረች። ማቪስ ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ። በሚቀጥለው እሑድ የሁልጊዜ ወንበራቸውን ትተው በወዲያኛው ረድፍ፣ ነፋስ የሚገባበት መስኮት ሥር ተቀመጡ። እኛ ሰፈር ሰው ቤቱን ይቀይራል እንጂ የቤተ ክርስቲያን ወንበሩን አይቀይርም። ሁላችንም አየን።

በዚያው ዕለት ነው እኔ ሳላስበው ነገሩን የነካሁት። ሰው ሊቆርብ ሲሰለፍ ዊልፍ እንደ ልማዳቸው ገመዱን ጠቅልለው ማሞቂያውን ሊያዩ ወደ ምድር ቤት ሊወርዱ ሲሉ፣ ድንገት አንድ ነገር ገባኝ። እኝህን ሰው ስንት ጊዜ ከኋላቸው ቆሜያለሁ፤ ሲቆርቡ ግን አይቼ አላውቅም።

"ዊልፍ፣ ዛሬ እንኳ ይሂዱ። ገመዱን እኔ አያለሁ፣ ማሞቂያው ደግሞ የትም አይሄድም" አልኳቸው።

ፊታቸው ኖራ መሰለ። "ተይው የኔ ልጅ።"

"ምን ሆኑ? አመመዎት?"

ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ ሳብ አደረጉኝ። ኤልሲ በትከሻዬ ላይ ጆሯቸውን ልትይዝ ትታገላለች።

"እጅ አልተጫነልኝም" አሉ በሹክሹክታ።

እኛ ዘንድ የተጠመቀ ልጅ ሲያድግ ጳጳስ መጥቶ እጅ ይጭንበትና ያጸናዋል። ከዚያ በፊት አይቆርብም። የማይቆርብ ሰው ደግሞ ሰበካ ጉባኤ ውስጥ ሊቀመጥ አይችልም።

"እንዴት ሊሆን ይችላል?"

"ልጅ ሳለሁ፣ ጳጳሱ እጅ ሊጭኑብን የመጡ ቀን የድሮው ደዋይ ወገቡን ያዘው። 'አንተ ጠንከር ያልክ ነህ፣ ያዝ' ብለው ገመዱን ሰጡኝ። ለጳጳሱ የደወልኩላቸው እኔ ነኝ! ያኔ እዚህ ጋ መጋረጃ ነበር። እኔ ከመጋረጃው ኋላ፣ ጓደኞቼ ከፊት። ጥሪ ስጠብቅ ስጠብቅ፣ ዘወር ብዬ ባይ ሁሉም አልቋል።"

"ታዲያ ያኔውኑ አይናገሩም?"

"እናቴ ለመንደሩ ሁሉ ኬክ ቆርሳ አዳርሳለች እኮ! በሚቀጥለው ዓመት እላለሁ አልኩ። ከዚያ ጉድጓድ ገባሁ፣ ከዚያ አገባሁ። ኤድና፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሜቶዲስት ነበረች፤ የራሷ ጸሎት ቤት ነበራት። ማን ያየኛል? ጉባኤው ውስጥ ሲመርጡኝም የጠየቀኝ የለም። ደዋዩን ማን ትቆርባለህ ወይ ይለዋል?" ገመድ የላጠውን መዳፋቸውን አዩት። "ዕድሜዬን ሙሉ ለሌላው ሰው ነው የደወልኩት።"

ዋናው ጭንቃቸው ግን ሌላ ነበር። ከተናገሩ ድምፃቸው ይሰረዛል፤ ውጤቱም እኩል ለእኩል ሆኖ የአባ ኮሊን ጥያቄ ይወድቃል። ዝም ካሉ፣ ለእውነት ብለን ቆምን ያሉት ነገር በእሳቸው ውሸት ላይ ይቆማል። ያም ሆነ ይህ እሳቸው ሳይቆርቡ ሊሞቱ ነው።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ልጅ ማሳደግ የያዝኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ሃይማኖት ሕግ ብዙ አላውቅም። የተቋጠረ የጫማ ማሰሪያ ግን ከየት እንደሚፈታ አውቃለሁ።

"ዊልፍ፣ እጅ እንዲጫንልዎ ጳጳስ መምጣት አለበት አይደል? ጳጳስ እንዲመጣ ደግሞ ይሄ ጠብ ማለቅ አለበት። በውሸት ደግሞ አያልቅም። ስለዚህ ይናገሩ። ስብሰባው ዕለት እኔ ወጥ ቤት ነኝ፤ ከጮኹብዎት በሻይ ትሪ እገባለሁ።"

ጉባኤው የተሰበሰበው በሳምንቱ ነው፣ ለጳጳሷ የሚላከው ደብዳቤ ሊፈረም። እኔ ኤልሲን ወለሉ ላይ ማንኪያ አስይዤ፣ ሻይ በምናቀብልባት መስኮት በኩል ጆሮዬን ሰጥቻለሁ። አባ ኮሊን ብዕራቸውን ሲያወጡ ዊልፍ ተነሱ።

"ሳትፈርሙ በፊት" አሉ፤ ከዚያ ለኔ የነገሩኝን ሁሉ፣ ኬኩን ሳይቀር ተናገሩ። "ስለዚህ ያቺ እጅ አትቆጠርም። አባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ደወሉንም ውሰዱት ካላችሁ ቁልፉ ይኸው።"

ኤልሲ ማንኪያዋን ወለሉ ላይ ታንኳኳለች። አባ ኮሊን ብዕሩን አስቀመጡ። ሁሉም ወደ ማቪስ ዞረ። ድሉ አሁን የሳቸው ነው፤ አንድ ቃል ብቻ መናገር ነው የቀራቸው። እኔ ትሪዬን ጨበጥኩ።

"አንተ ዊልፍ ስቶባርት" አሉ ማቪስ።

"አቤት።"

"ሞኝ! እናትህ ያንን ኬክ ለኛም ቤት ልካ ነበር፤ ሕፃን ሆኜ ታምሜበታለሁ። አሁን ደግሞ ጭራሽ በከንቱ ነው የታመምኩት ልትለኝ ነው?"

መጀመሪያ የሳቁት አባ ኮሊን ናቸው። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ እስኪያነባ ሳቀ። ዊልፍ ቁልፉን እንደዘረጉ ቀሩ።

"ቁልፍህን ኪስህ ክተት" አሉ ማቪስ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "አባ፣ እኔ በዚህ ሰውዬ ኬክ ማሸነፍ አልፈልግም። እንደገና እንነጋገር። እርስዎ ግን እውነቱን ይንገሩኝ፣ የሚፈሩት ምኑን ነው?"

አባ ኮሊን ወንበራቸውን ወደ ማቪስ አዞሩ። "አንዲት አሮጊት ስትሞት፣ የተቀበልኩት ቅዱስ ቁርባን እውነተኛ ነው ወይ ብላ እንዳትጠራጠር ነው። ያንን ጥርጣሬ በማንም ልብ ውስጥ ትቼ መሄድ አልፈልግም። እርስዎስ?"

"እኔ? የእህቴ ልጅ ቄስ ናት፣ ያውቃሉ። ነገ ደግሞ እሷን ቤታችን አትግቢ የምንላት እንዳይሆን ነው።"

"እኔ እንደዚያ አልኩ?"

"እንደዚያ አላሉም። እኔም ጠይቄዎት አላውቅም።"

ወር ሙሉ በሁለት ማንቆርቆሪያ ዙሪያ ሲብላላ የከረመው ነገር፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አለቀ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ማቪስ ሐሳባቸውን አልቀየሩም፤ አባም አልቀየሩም። ግን ዊልፍ ሳይቆጠሩ እንደገና ድምፅ ሲሰጥ ማቪስ እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ተዉት፤ የአባ ኮሊን ጥያቄም አለፈ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ሌላው ጳጳስ ከመምጣታቸው በፊት ጳጳሷ ራሳቸው ተጋብዘው እዚሁ አዳራሽ ከእኛ ጋር ማዕድ እንዲቀርቡ። አባ ኮሊን ግብዣውን በገዛ እጃቸው ጻፉ።

ጳጳሷ በክረምቱ ብርድ መጡ። የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች በሉ፣ ኤልሲን አቀፉ። ለምን ሌላ ጳጳስ እንደጠየቅን አባ ኮሊን ነገሯቸው፤ እሳቸውም ሳያቋርጡ ሰሙ። ዊልፍም ሄደው የራሳቸውን ጉድ አወሩላቸው።

"ይሄንን ያህል ጠብቀዋል" አሉ ጳጳሷ እጃቸውን ይዘው። "ከኔ እንደማይቀበሉ ገብቶኛል። የሚቀበሉት ሰው ቶሎ እንዲመጣ ማድረግ ግን እችላለሁ።" እንዳሉትም አደረጉ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ ዊልፍ አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ድምፃቸው ገና እየጎረነነ ካለ ልጆች መሀል የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ማቪስ ወደ ጥንት ወንበራቸው ተመልሰዋል፤ የእህታቸውን ልጅም አጠገባቸው አስቀምጠዋታል። ገመዱን ማን ያዘ? እኔ ነኛ። ዊልፍ ሳምንታት ሙሉ አስተምረውኛል። "አትጎትቺው፣ ጠይቂው" ነበር ትምህርታቸው።

ስማቸው ተጠራ። ሄደው ተንበረከኩ። እንግዳው ጳጳስ በዊልፍ ሽበታም ራስ ላይ እጃቸውን ሲጭኑ፣ የዊልፍ ትከሻ ረጅም መንገድ የተሸከሙትን ዕቃ እንዳወረዱ ሁሉ ዝቅ ሲል ከኋላ ሆኜ አየሁ።

ቅዳሴው ቀጠለ። ኅብስቱ ከፍ ሲል ሦስቱን በደንብ ደወልኩ። በጽዋው ጊዜ ግን ኤልሲ የሱፍ መያዣውን ይዛ አልለቅም አለችና ሦስተኛው ዘገየ፤ አራተኛም ተጨመረበት። ከፊት ወንበር ዊልፍ ዘወር ብለው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መሠዊያው መለሱና፣ ሰው ሲሰለፍ እሳቸውም ተነስተው ተሰለፉ።