ከሰዓት በኋላ የሚወጣው የአባቴ ግፊት

ግጥም መጻፍ ማንም አላስተማረኝም። ከአሮጌ ጋዜጣም ከመድኃኒት ካርቶንም ላይ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ወረቀት ያስፈራኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሐኪም ቤት የሰጡን የፈቃድ ወረቀት ግን አስፈራኝ።

ለመርሳት በሽታ የሚሞከር አዲስ መድኃኒት ነው። ወረቀቱ በዚህ ደረጃ የሚፈለገው መድኃኒቱ ሰውን ይጎዳ እንደሆነ ማወቅ ነው ይላል። ያድን እንደሆነ የሚጠየቀው ገና ወደፊት ነው። ከሥሩ ሊደርሱ የሚችሉ ነገሮች ተዘርዝረዋል፤ ከራስ ምታት ይጀምሩና ጭንቅላት ውስጥ ደም መፍሰስ ላይ ያበቃሉ።

አባቴ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር። በሽታው ገና ጅምር ላይ ነው ስለተባለ ራሱ እንዲፈርም ተፈቀደለት።

"አባ፣ ያነበብኩልህ ገብቶሃል?" አልኩት።

"አቦ ተወኝ! ስንቱን ሞተር ፈትቼ የገጠምኩ ሰውዬ እንክብል ልፍራ?"

ፈረመ። ከመፈረሙ በፊት ዶክተሯ ስለ ሲጋራ፣ ስለ አልኮልና ስለ ጫት ጠይቃ ነበር። እኔ ነኝ የመለስኩት። "ጫት ድሮ ነው የተወው" አልኩ፣ እርግጠኛ ሆኜ። ጥርሶቹ ካለቁ፣ አንድ ቀን ደግሞ የደቻቱን ድልድይ ተሻግሮ ወደ መጋላ፣ ወደ ቤታችን፣ መመለሻው ከጠፋበት ወዲህ ከጓደኞቹ የጫት በርጫ ቀርቷል። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነጠላዋን ታስተካክላለች።

እንክብሉን በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ክንድ ላይ የሚታሰር የደም ግፊት መለኪያና አንድ መዝገብ ተሰጠን። ጠዋት ከዚራ ሰፈር ወደምሠራበት የፎቶኮፒ ቤት ከመሄዴ በፊት እለካለሁ፤ አሥር ሰዓት ላይ ስመለስ ደግሞ እለካለሁ። የጠዋቱ ደህና ነበር። የከሰዓት በኋላው ቁጥር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስደነግጥ ነበር። ጨርቁን ፈትቼ እንደገና አሰርኩት። እንደገና ያው።

ለዶክተሯ ደወልኩ። ድምጿ ተለወጠ። "ሦስት ቀን ተከታተለውና ይዘኸው ና። ከባድ ራስ ምታት ወይም ድንገት ግራ መጋባት ካየህ ግን ሦስት ቀን አትጠብቅ" አለችኝ።

ድንገት ግራ መጋባት። የሚረሳ ሰው ድንገት ግራ ሲጋባ በምን ይለያል? ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ይህ የመጣብኝ። ከዚያ ወዲህ አባቴን እንደ አባት ማየት ተውኩ። ጫማውን ግራና ቀኝ አዛውሮ ሲያደርግ፣ ስኳሩን ሽንኩርት ዕቃ ውስጥ ሲጨምር፣ ጭንቅላቱ ውስጥ የሆነ ነገር እየፈነዳ ይመስለኛል። ሥራ ላይ ሆኜ የማነሳው ወረቀት ሁሉ በላቤ ይርስ ጀመር።

በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋና ፎቶኮፒ ቤቱ በጊዜ ተዘጋ። ስምንት ሰዓት ላይ ቤት ደረስኩ። ግቢው በር ላይ ስደርስ የሙቀጫ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀስ ያለ፣ እንዳይሰማ የተፈራ ድምፅ። እናቴ ጓዳ ተቀምጣ በትንሿ ሙቀጫ ጫት ትወቅጣለች። አጠገቧ በስኳር የተበጠበጠ ውሃ በብርጭቆ አለ። በእኛ አገር ጥርስ ያለቀባቸው ሽማግሌዎች እንዲህ እየተወቀጠላቸው እንደሚወስዱ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። አባቴ ላይ ግን አስቤው አላውቅም።

"እማ፣ ይሄ ምንድነው?"

"ምን ይሆናል፣ ቅጠል ነዋ።"

"ሐኪሟ ስትጠይቅ እዚያው ነበርሽ እኮ!"

"የጠየቀችው አንተን ነው። 'ተወ' አልክ። ልጄን ሰው ፊት ውሸታም ላድርግ? ደሞ እሱ መቼ ይቅማል? ይቺን ጉንጩን የማትሞላ ነገር..." ዘነዘናውን አስቀመጠች። "ይቺን ስሰጠው ዓይኑ ይበራል። ለአንድ ሰዓት ያውቀኛል። 'ፉርጎዬ' ይለኛል።"

ከተጋቡ ጀምሮ የሚጠራት በዚህ ነው። በባቡር ተጎታች መስሎ ሲያሾፍባት የወጣ ስም ነበር፤ እሷም መጀመሪያ ላይ ሳምንት ሙሉ አኩርፋበታለች ይባላል።

"ጠዋት ጠዋት አንተ ስትወጣ ምን እንደሚለኝ ታውቃለህ? 'እትዬ'። እንደ እንግዳ 'ውሃ ይኖርዎታል?' እያለ ይለምነኛል፣ በገዛ ቤቱ።"

"ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ቢፈስስስ?"

የተወቀጠውን በእጇ ዝቃ ወጣችና ለጎረቤት ፍየል ሰጠችው።

በማግስቱ ሦስታችንም ሐኪም ቤት ሄድን። ሁሉንም ተናገርኩ። ዶክተሯ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ምን ያህል ነው የሚሰጧቸው፣ እናቴ?"

እናቴ ጭብጧን አሳየቻት፤ ከዚያ አፍራ ጣቶቿን ትንሽ ከፈተች።

"በየቀኑ?"

"አርብ ትንሽ እጨምርለታለሁ።"

ዶክተሯ መዝገቤን አገላብጣ የከሰዓቱን ቁጥሮች በእስክሪብቶዋ አንድ በአንድ ከበበች። "ጫት ግፊት ያወጣል፤ እኛ የጠረጠርነው ግን መድኃኒቱን ነው" አለችኝ። "ለሌሎቹ ታማሚዎች መስጠት እናቁም ወይስ አናቁም ብለን ለስብሰባ ተጠራርተን ነበር።" ከዚያ ለእናቴ አስረዳቻት፤ እንክብሉ ከዛሬ ጀምሮ ይቆማል፣ ጫቱም ይቆማል፣ ለአንድ ወር ግን ክትትሉ ይቀጥላል።

"ከወሩ በኋላስ ልጄ? እንክብሉን ቢወስድ ያውቀኛል?"

"አላውቅም እናቴ። አሁን ባለንበት ደረጃ እሱን አንመረምርም።"

"ታዲያ ምንድነው የምትመረምሩት?"

"ይጎዳቸው እንደሆነ ነው።"

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ጫቱና እንክብሉ ከቆሙ በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ለካሁት። ቁጥሩ ወርዷል። እናቴ ፊት ለፊቱ ባዶ እጇን ተቀምጣለች።

"እትዬ፣ ባለቤትዎ የት ሄደው ነው?" አላት።

"ሥራ ላይ ነው።"

"ምን ይሠራሉ?"

"ባቡር ላይ ነው።"

"አይ፣ ታዲያ ቢዘገዩ አይፍረዱባቸው!" አለና ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም።

ከክንዱ ላይ ጨርቁን እየፈታሁ "ራስህን ያምሃል፣ አባ?" አልኩት። በየቀኑ የምጠይቀው ጥያቄ ነው። ፊቴን ትኩር ብሎ አየኝ።

"አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ?"

እስከዚያች ሰዓት ድረስ እኔን ረስቶኝ አያውቅም። እጄ ላይ ያለው መለኪያ ወደቀ። ድንገት ግራ መጋባት፣ ድንገት ግራ መጋባት እያልኩ በባዶ እግሬ ወጥቼ ባጃጅ አስቆምኩ። እናቴ በክንዱ ደግፋ አመጣችው። መንገዱን ሙሉ አፍንጫውን እያየሁ፣ ደም የሚወጣ እየመሰለኝ፣ ባለባጃጁን ፍጠን እለው ነበር።

ጭንቅላቱን በማሽን አነሱት። ደጅ ላይ ቆመን ጠበቅን። ዶክተሯ ስትወጣ መጀመሪያ ያየሁት እጇን ነው፤ ምንም አልያዘችም።

"ደም የለም። እብጠትም የለም። ከመድኃኒቱ አይደለም" አለች። በሽታው ራሱ ነው የገፋው።

"አልሐምዱሊላህ" አለች እናቴ። እኔ ደስ ይበለኝ አይበለኝ አላወቅኩም።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ መሃል አስቀመጥነው። ደቻቱን ስንሻገር ወደ እኔ ዞረና በትህትና "ይቅርታ ልጄ፣ ለእኔ ቤት የትኛው ፌርማታ ይቀርባል?" ሲል ጠየቀኝ።